ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም የውሃ ባክቴሪያን ይገድላሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ገብቶ የበረሳ ወንዝ ሲደፈርስ፣ የገጠሩም ምንጭ ጎርፍ ሲገባበት፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ያለ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ፣ ምን ቅጠል ልጠጣ? ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ማሳደግና ቅጠል መፈተሽ ሥራዬ ስለሆነ መልሱ እጄ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ግማሹ አለ። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ የማወራው ስለ ባክቴሪያው፣ ስለ ቅጠሉና ስለ ውሃው ነው።

እውነት ቅጠል ባክቴሪያ ይገድላል ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው?

ይገድላል። ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉ። ያ አፍንጫ የሚገባው ሽታ የእነሱ ነው። የባክቴሪያውን ሽፋን ያፈርሱታል፣ ውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ይሞታል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ነገር ይፈጠርበታል፤ እሱም ባክቴሪያው ለመኖር የሚፈልጋቸውን ኢንዛይሞች ያበላሻል። ከአንኮበር የተሰበሰቡ የባህል መድኃኒት ተክሎችም በባክቴሪያ ላይ ተፈትነው ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ አያቶቻችን ዝም ብለው አልነበረም ቅጠል የሚበጥሱት።

ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል። በኤታኖል ወይም በሜታኖል ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ይጠለላል፣ አልኮሉ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። ንጥር እንበለው። ከዚያ ባክቴሪያ የተቀባ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ የመሰለ ነገር) ያለበት ሳህን ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይበሳል፣ ንጥሩ ተበጥብጦ ጠብ ይደረግበታል፣ ሳህኑ 37 ዲግሪ ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ ብርሃን ስታዞሩት ሳህኑ በሙሉ በባክቴሪያ ደብዝዟል፣ ጉድጓዱ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ አለ። ያ ክብ በማስመሪያ ይለካል፣ በሚሊ ሜትር። "ይህ ቅጠል ሳልሞኔላን ይገድላል" የሚለው ዜና ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ክብ ነው።

ሳህን ላይ ከገደለ ሆዴ ውስጥ ለምን አይገድልም?

ዋናው ጉዳይ መጠን ነው። ለንጽጽር ሳህኑ ላይ የምናስቀምጠው ዲስክ፣ ማለትም ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ያለበት ትንሽ ክብ ወረቀት፣ 5 ማይክሮ ግራም መድኃኒት ነው ያለው። ጉድጓዱ ውስጥ የምንጨምረው የቅጠል ንጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ይደርሳል፣ ማለትም 10,000 ማይክሮ ግራም። ሁለት ሺህ እጥፍ! እንዲያም ሆኖ የቅጠሉ ክብ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ መድኃኒቱን ያልተላመደ ኢ ኮላይ ላይ የሲፕሮው ክብ ከ30 ሚሊ ሜትር ወዲያ ይሄዳል።

ይህ ንጥሩን አያሳንሰውም። ንጥሩ ውስጥ ብዙ ዓይነት ነገር ተደባልቆ ነው ያለው፣ አብዛኛው ለባክቴሪያው ምንም አይደለም። ግን እናንተ አንድ ስኒ ሻይ ስትጠጡ ያን ያህል የጠነከረ ነገር ወደ አንጀታችሁ አይደርስም። ጨጓራ አሲዱን ይጨምርበታል፣ ምግብ ይቀላቀለዋል፣ ገሚሱ አንጀት ሳይደርስ ወደ ደም ይገባል።

ሌላም አለ። በውሃ የሚመጡት ዋና ዋናዎቹ ባክቴሪያዎች፣ ኢ ኮላይ፣ ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና ኮሌራ የሚያመጣው ቪብሪዮ፣ ሁሉም "ግራም ኔጌቲቭ" ከሚባለው የባክቴሪያ ወገን ናቸው። ከተለመደው ሽፋን ውጪ ሌላ የውጭ ሽፋን ደርበዋል፣ ያለፈውን ነገር መልሰው የሚተፉበት ፓምፕም አላቸው። ቅጠል ቁስል ላይ የሚገኘውን ስታፊሎኮከስን በቀላሉ ሲገድል ታዩትና እነዚህ ላይ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ላብራቶሪ ውስጥ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ለቁስል የሚባል ቅጠል ለሆድ ይሆናል ብላችሁ አትደምድሙ።

እሺ አልጠጣውም፣ ጀሪካን ውስጥ ብጨምረውስ? ውሃውን አያጸዳልኝም?

ይህን በስሌት እንየው፣ አጭር ነው። አንድ ንጥር ኢ ኮላይን ለማቆም በሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ይፈልጋል እንበል። የእናንተ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ 20,000 ሚሊ ሊትር። ስታባዙት ግማሽ ኪሎ ንጥር ይመጣል። ከደረቅ ቅጠል የሚወጣው ንጥር አንድ አሥረኛው ቢሆን ደግሞ ለአንድ ጀሪካን 5 ኪሎ የደረቀ ቅጠል ያስፈልጋችኋል። የሚወጣው ውሃ አረንጓዴ፣ መራራና የማይጠጣ ነው።

ጥርት ላለ ውሃ የሚበቃው ክሎሪን በሊትር ወደ 2 ሚሊ ግራም ነው። ለዚያው ጀሪካን 40 ሚሊ ግራም። ስለዚህ ውሃ ለማከም "ውሃ አጋር" የሚባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ወይም የክሎሪን ኪኒን ግዙ፣ ጠርሙሱ ወይም እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ ይርጋ፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል። ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ለባክቴሪያው የሚተርፍ የለም።

ሽፈራው ግን ውሃ ያጠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

እውነት ነው፣ ግን ፍሬው እንጂ ቅጠሉ አይደለም። የሽፈራው ፍሬ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ጭቃውን ያቧድነዋል፣ እየከበደ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ብዙ ባክቴሪያም አብሮ ይወርዳል። ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ ሊወርድ ይችላል። የቀረው ግን ያሳምማል። በዚያ ላይ ፍሬው ራሱ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ነገር ውሃው ውስጥ ስለሚተው ያደረ እንደሆነ መልሶ ይበዛል። በሽፈራው አጥርታችሁ ከላይ ያለውን ቀድታችሁ ካፈላችሁት ወይም ክሎሪን ካደረጋችሁበት ጥሩ ነው። ለነገሩ ዛፉ ቆላ ነው የሚወደው። ሸዋ ሮቢት በኩል ያላችሁ ልትተክሉት ትችላላችሁ፣ መንዝ ላይ ግን አትልፉ።

ነጭ ሽንኩርት በአረቄ?

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም።

ከኬሚስትሪ አንፃር ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። አልኮል ከውሃ ይልቅ ብዙ ነገር ከተክል ያወጣል፣ እኛም ላብራቶሪ ውስጥ የምንጠቀመው አልኮል ነው። ዳግም አረቄ ደግሞ ከግማሽ የማይርቅ አልኮል አለው። ችግሩ ከአፍ በኋላ ነው። መለኪያዋ ሆድ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ስትቀላቀል አልኮሉ ይቀጥናል፣ ባክቴሪያ የሚገድልበት ጉልበት አይኖረውም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ እያጣ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሽንት እያበዛ ጨርሶ ያደርቀዋል። "አረቄው ሆዴን አሰረልኝ" የሚለኝ ሰው አለ። ብዙው ተቅማጥ በሁለት ሦስት ቀን በራሱ ይቆማል፣ ምስጋናው ግን ለመለኪያዋ ይሄዳል።

ነጭ ሽንኩርቱን ከወደዳችሁት ከምግብ ጋር ብሉ። ወቅጡት፣ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ ብሉት። አሊሲኑ የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው፤ ሳይወቀጥ በቀጥታ ድስት ከገባ ሙቀቱ አሊሲን የሚሠራውን ኢንዛይም ይገድለዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን ብዙ ከመብላታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም "ላብራቶሪ በሜታኖል ነው የሚሠሩት" ብሎ የሰማ ሰው ሜታኖል ከየት እንደሚገዛ ጠይቆኛል። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እኛም የምንጠቀምበት ተንኖ የሚቀረውን ንጥር ሳህን ላይ ለመፈተሽ እንጂ ማንም እንዲጠጣው አይደለም።

የጦስኝ ሻይስ?

ጠጡ፣ እኔም እጠጣለሁ። ጣርማ በርና ጓሳ ያለው ጦስኝ ገና ሲታሽ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ግን ታይሞል ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ሲፈላም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ያ ደስ የሚለው ሽታ ከጀበናው የወጣው ጦስኝ ነው፤ ስኒው ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው። ለጉንፋንና ለብርድ፣ ሆድም ለማሞቅ ጥሩ ነው። የሻይው ትልቁ ጥቅም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሃው መፍላቱ ነው። ሰው ሲታመም የፈላ ነገር ብቻ ከጠጣ አዲስ ባክቴሪያ አይጨምርበትም። በነገራችን ላይ ስትለቅሙ ከሥሩ አትንቀሉት፣ በማጭድ ከላይ ቁረጡት። ከሥሩ የተነቀለ ለከርሞ አይገኝም።

በጠርሙስ የሚሸጠውን የጦስኝ ዘይት ግን በማንኪያ እንዳትጠጡ። ያ ሻይ አይደለም፣ ቆዳና ጨጓራ ያቃጥላል።

ጋን በግራዋ እናጥባለን፣ የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን። ጀሪካኑንም እንዲሁ ባደርገው?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ማጠን ይሠራል። የወይራ ጢስ ውስጥ ባክቴሪያ የማይወዳቸው ነገሮች አሉ፣ ሙቀቱም ዕቃውን ያደርቀዋል፤ የታጠነ ዕቃ ወተት ቶሎ የማያበላሸው ለሽታው ብቻ አይደለም። ግራዋም ሸካራ ቅጠል ስለሆነ ፈትጎ ያወጣል፣ ምሬቱም የራሱ ሥራ አለው። ዕቃ ላይ ቅጠል የሚያዋጣው ንጥሩ ሳይቀጥን በቀጥታ ስለሚነካው ነው።

ጀሪካን ላይ ግን ጢስ አይሆንም፣ ፕላስቲክ ነው። ቢጫዋን ጀሪካን ወደ ብርሃን አንሡና በአፏ በኩል ወደ ውስጥ እዩ። አሮጌ ከሆነች ግድግዳዋ ላይ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ታያላችሁ። ባክቴሪያው እዚያ ተለጥፎ፣ ራሱን በዝልግልግ ነገር ሸፍኖ ነው የሚኖረው፤ በላዩ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ብትጨምሩ ውሃው ማምሻውን ቆሻሻ ነው። አንድ ሁለት እፍኝ ሻካራ አሸዋና ትንሽ ውሃ ከሳሙና ጋር ጨምሩ፣ ከድኑ፣ እጃችሁ እስኪዝል ነቅንቁ፣ አጥቡ፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ባለበት ውሃ አለቅልቁ። ግራዋ ቅጠል ከአሸዋው ጋር ብትጨምሩ አይጎዳም፣ ሥራውን የሚሠራው ግን አሸዋውና ክሎሪኑ ነው።

ጻድቃኔ ማርያም ሄዳችሁ ጸበል የምታመጡም ይህን ልብ በሉ። ስለ ጸበሉ እኔ የምናገረው የለኝም፣ እምነት ነው። የምለው ስለ ጀሪካኑ ነው፦ ዘይት የነበረበት፣ ያልታጠበ፣ መኪና ላይ ክዳን ሳይኖረው የመጣ ጀሪካን ውስጥ አትቅዱበት። ቤትም ሲደርስ ሁሉም በየተራ እጁንና ኩባያውን አይንከርበት፣ እየተንቆረቆረ ይቀዳ።

ኮሶና እንቆቆስ?

ለኮሶ ትል ናቸው እንጂ ለባክቴሪያ ብሎ የሚጠጣቸው የለም። ኮሶ ከበዛ መርዝ ነው፣ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። አሜባና ጃርዲያም ባክቴሪያ አይደሉም፣ መድኃኒታቸው ሌላ ነው። ስለዚህ "ሆዴን አመመኝ" ብሎ በግምት መጠጣት በየትኛውም በኩል አያዋጣም። ሰገራ ተመርመሩ፣ ርካሽ ነው።

ታይፎይድ አለብህ ተባልኩ። መድኃኒቱን ትቼ ዳማከሴ ልጠጣ?

አይሆንም። ዳማከሴ ለምች የሚታሽ፣ የሚሸተት ቅጠል ነው። ታይፎይድ በአንጀት ብቻ አይቀመጥም፣ በደም ይዞራል፣ ሲብስም አንጀት ይበሳል። በደም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ላይ በቅጠል ሻይ አትደርሱበትም።

ግን በእርግጥ ታይፎይድ ነበረባችሁ? በየክሊኒኩ "ታይፎይድና ታይፈስ" አብሮ የማይነገረው ሰው የለም። ብዙው የሚነገረው ዊዳል በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ እሱ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ድሮ ታማችሁ ከነበረ ወይም ዘመድ በሆነ ሌላ ባክቴሪያ ከተያዛችሁ ያው "ፖዘቲቭ" ይላል። የተሻለው ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው፣ ሁሉም ቦታ ባይገኝም። በማይሆን ታይፎይድ ሲፕሮ እየዋጡ፣ ሲሻል ግማሹን መሳቢያ ውስጥ እየተዉ ነው እዚህ የደረስነው። ሳህን ላይ በመድኃኒቱ ዲስክ ዙሪያ ክብ ሳይታይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ እስከ ጠርዙ ሲያድግ ማየት የተለመደ ሆኗል። ቅጠል የምንፈትሸውም በከፊል ለዚህ ነው።

ልጄ ተቅማጥ ይዞታል፣ ፌጦ ወይም ጤና አዳም ልስጠው?

ለልጅ መጀመሪያ ውሃውን መተካት ነው። ኦአርኤስ ከጤና ኬላ ውሰዱ፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ የሞላ እንጂ የተከመረ አይሁን። ጨው ማብዛት አደጋ ነው። ዚንክም ይሰጣል፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም። ጡት አታስጥሉ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ቅቤ፣ ምንም ዓይነት የቤት መድኃኒት አይገባም። አያቱ ቢቆጡም።

ሰገራው ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በብዛት ከወረደው ወዲያው ጤና ጣቢያ። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከሆነ የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ቅጠል ለመፈለግ ጊዜ የለም።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጤና አዳም በቡና እወዳለሁ።

ይቅርብሽ። ጤና አዳም ማኅፀን ያኮማትራል፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ለሆድ ቁርጠት ብለሽ በብዛት ቀቅለሽ መጠጣት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ስንት ደቂቃ ይፍላ?

እኛ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባክቴሪያውን ለመግደል ያም ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ነው። ቆላው ላይ 1 ደቂቃ። ኩበቱም ከሰሉም ተወዷል የምትሉ፣ በጋ ላይ ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕ፣ ቀለም በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢያንስ 6 ሰዓት አስተኙት፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ክረምት ላይ ይህን እርሱት።

ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ቅጠል መፈተሽ እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ክቡን ብቻ ለክተህ አትጨርስ። ስንት ሚሊ ግራም ላይ ማደግ እንደሚያቆም፣ ከዚያም ስንት ላይ እንደሚሞት በተከታታይ እያቀጠንክ አግኝ፤ ያለዚያ ሥራህን ከሌላው ሰው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ንጥሩን የበጠበጥክበትን ፈሳሽ ለብቻው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ጨምር፣ የገደለው እሱ እንዳይሆን። የሚታወቅ ባክቴሪያ ያዝ፣ ለኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 የሚባለው ዝርያ የተለመደ ነው። የባክቴሪያውን መጠን ማክፋርላንድ በሚባለው የድፍርስነት መለኪያ 0.5 ላይ አስተካክል፣ በሚሊ ሊትር ወደ 150 ሚሊዮን ማለት ነው፤ ቀጠን ካለ ክቡ ያለ ሥራው ይሰፋልህና ትደሰታለህ።

ቅጠሉን ደግሞ ከገበያ በስም ብቻ አትግዛ። አንዱ ስም መንዝና ቡልጋ ላይ ሁለት የተለያየ ተክል ሊሆን ይችላል። ራስህ ልቀም፣ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ ጋዜጣ ውስጥ አድርቅ፣ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቦታ) ወስደህ አስመዝግብና ቁጥሩን ጻፍ። የት፣ በየትኛው ወር እንደለቀምከውም ያዝ፤ የመስከረምና የሚያዝያ ጦስኝ ዘይቱ እኩል አይደለም።

ይህ ሁሉ ካለ ለምን እስካሁን ኪኒን አልተሠራም?

ከንጥሩ ውስጥ የሚገድለውን አንዱን ነገር ለይቶ ማውጣት፣ ሰው የሚጎዳበትን መጠን ማወቅ፣ በእንስሳ ከዚያም በሰው መሞከር ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ብዙው ቅጠል ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ባክቴሪያውን በሚገድልበት መጠን ሰውንም የሚጎዳ ሆኖ ይገኛል። የእኛን እንዶድ አስታውሱ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነበር የጀመሩት፣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ከዚያ በኋላ መርዛማነቱን አጣርቶ ተቀባይነት ለማግኘት ሃያ ምናምን ዓመት ጭቅጭቅ ነበር። ያውም ሰው የማይጠጣው፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሆኖ።